«ጥቁር» ከሚለው ሳጥን ሥር ያለችው መስመር

(በዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ ለሚኖሩ ኢትዮጵያውያን በተዘጋጀ የውይይት ምሽት ላይ የተደረገ ንግግር፤ ለንባብ እንዲመች በመጠኑ ተስተካክሏል። «ዓ.ም.» ካልተባለ በቀር ዓመቶቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ ወንድሞችና እህቶች፤ እንደምን አመሻችሁ።

ዛሬ የማወራው ስለ አንዲት ባዶ መስመር ነው። በ2020ው የአሜሪካ ሕዝብ ቆጠራ ቅጽ ላይ ዘርን የሚመለከት ጥያቄ አለ፤ እዚያ ውስጥ «ጥቁር ወይም አፍሪካዊ አሜሪካዊ» ከሚለው ሳጥን ሥር ያለችው መስመር ናት። ከዚያ በፊት በየአሥር ዓመቱ በሚመጣው ቅጽ ላይ ጥቁር የሆነ ሰው ሳጥኑ ላይ ምልክት አድርጎ ያልፍ ነበር። ወገንህ ከወዴት ነው ብሎ የሚጠይቀው አልነበረም። የቆጠራ ቢሮው በናሙና በሚያካሂዳቸው ጥናቶች ላይ የትውልድ ሐረግ ይጠየቃል፤ ያ ግን የሚደርሰው ጥቂት ቤት ነው። በ2020 ለሁሉም «ጻፍ» ተባለ። ምሳሌም ተሰጠ፦ አፍሪካዊ አሜሪካዊ፣ ጃማይካዊ፣ ሄይቲያዊ፣ ናይጄሪያዊ፣ ኢትዮጵያዊ፣ ሶማሌያዊ።

በዚያ ሰሞን ወረርሽኙ ሰውን ሁሉ ቤቱ ዘግቶበት ስለነበር፣ ቅጹን መሙላት ለከበዳቸው ሰዎች በስልክ አግዝ ነበር። አንዲት እናት ስንት ሰው ቤት ውስጥ እንደሚኖር፣ ዕድሜያቸውን፣ ቤቱ የኪራይ ይሁን የራሳቸው፣ ሁሉንም ሳያንገራግሩ መለሱልኝ። እዚች መስመር ላይ ስንደርስ ግን ዝም አሉ። «ልጄ፣ ይቺን ደግሞ ለምን ፈለጓት?» አሉኝ። ቀጥለው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «አገር ብቻ ነው ወይስ ብሔርም ይጠይቃሉ?» አሉ። የሚሰማቸው እኔ ብቻ ነበርኩ፤ ድምፃቸው ግን ዝቅ አለ።

ለምን እንደሆነ እዚህ ያለነው ሁላችን እናውቃለን። የቀበሌ መታወቂያ ላይ «ብሔር» የሚል መስመር ነበር። እዚያ ላይ የተጻፈች አንዲት ቃል በሰላሙ ቀን ማንም የማያያት ነበረች፤ በክፉ ቀን ግን ኬላ ላይ ሰውን ከአውቶቡስ ታስወርዳለች። የአገራችን ቆጠራም ብሔርን ይጠይቃል። በ1999 ዓ.ም. የተደረገው ቆጠራ ውጤቱ ሲወጣ የአማራ ክልል ሕዝብ ከተገመተው በእጅጉ አንሶ ተገኘ ተብሎ እስከ ፓርላማ የደረሰ ክርክር አስነስቷል፤ ቀጣዩ ቆጠራ ደግሞ ተደጋግሞ ተራዝሟል። ከጎረቤትም አይተናል። በሩዋንዳ ቤልጅጎች በ1930ዎቹ ያስገቡት የዘር መታወቂያ በ1994 ገዳዮች የሚሞተውን የሚለዩበት ወረቀት ሆነ። እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባላል። የእኚያ እናት ፍርሃት መሠረት አልነበረውም ብዬ እዚህ ቆሜ አልናገርም።

ያም ሆኖ መስመሯ ትሞላ ባይ ነኝ። ምክንያቴ ግን በየማኅበሩ በራሪ ወረቀት ላይ የምናነበው «ድርሻችንን እንድናገኝ» የሚለው አይደለም። ድርሻ ይገኛል፤ እሱን በኋላ አነሳዋለሁ። ይቺን መስመር ከእኛ ይልቅ አጥብቆ የሚፈልጋት ሌላ ሰው አለ። እሱን ለማየት ትንሽ ወደ ኋላ መመለስ አለብን።

የመጀመሪያው የአሜሪካ ቆጠራ የተካሄደው በ1790 ነው። ቅጹ ነጭ ወንዶችን በዕድሜ ለሁለት ከፍሎ፣ ነጭ ሴቶችን በአንድ፣ ሌሎች ነፃ ሰዎችን በአንድ፣ ባሮችን በመጨረሻው አምድ ያስቀምጣል። ባሮቹ ወደ 700 ሺህ ገደማ ነበሩ። የተቆጠሩትም ለእነሱ ታስቦ አይደለም። በሕገ መንግሥቱ መሠረት አምስት ባሮች እንደ ሦስት ሰው ተቆጥረው የባለቤቶቻቸው ክፍለ ግዛት በምክር ቤቱ ተጨማሪ መቀመጫ ያገኝባቸው ነበር። ድምፅ የሌለው ሰው ቁጥሩ ብቻ ተወስዶ ለጌታው ድምፅ ሆነለት።

በ1850 እና በ1860 ደግሞ ለባሮች የተለየ መዝገብ ተዘጋጀ። ገጾቹ ዛሬ ኢንተርኔት ላይ ይገኛሉ፤ አንድ ቀን ጊዜ ወስዳችሁ ብታዩዋቸው ደስ ይለኛል፤ ደስ የሚል ነገር ስላላቸው ግን አይደለም። በግራ በኩል የባለቤቱ ስም በጥሩ የእጅ ጽሑፍ ተጽፏል። ከጎኑ ቁጥር፤ ብዙውን ጊዜ አንድ፣ አንድ፣ አንድ እያለ ወደ ታች ይወርዳል። ቀጥሎ ዕድሜ፣ ጾታ፣ ቀለም። ቀለሙ ሁለት ዓይነት ነው፣ ጥቁር ወይም ክልስ። ከዚያ የሸሸ ካለ፣ ነፃ የወጣ ካለ፣ መስማት ወይም ማየት የተሳነው ካለ የሚሞላበት አምድ አለ። የስም አምድ የለም። 35፣ ሴት፣ ጥቁር። 12፣ ወንድ፣ ክልስ። የሦስት ወር ሕፃንም አለ፤ እናቱ ከላይ ካሉት ሴቶች የትኛዋ እንደሆነች የሚነግር ነገር የለም። ጥቂት የማይባሉ ጥቁር አሜሪካውያን የቤተሰባቸውን ታሪክ ሲፈልጉ 1870 ላይ ይደርሱና እዚያ ይቆማሉ፤ ጥቁሩ ሕዝብ በሙሉ በስሙ የተመዘገበበት የመጀመሪያው ቆጠራ እሱ ስለሆነ። ከዚያ በላይ ያለው 35፣ ሴት፣ ጥቁር ነው።

ስለዚህ ይህ መንግሥት ስለ ጥቁር ሰው ዝርዝር መረጃ መሰብሰብ የጀመረው ዛሬ አይደለም። በ1890 ቆጣሪዎች ጥቁሩን በደም መጠን እንዲከፋፍሉ ታዘው ነበር፤ ግማሽ ገደማ፣ ሩብ፣ ስምንተኛ እያሉ። ቆጣሪው በር አንኳኩቶ፣ ፊት አይቶ፣ የአያት ቅድመ አያትን ደም በዓይኑ ይለካል ማለት ነው! ቢሮው ራሱ ውጤቱን ዋጋ የለውም ብሎ ተወው። በ1930 ደግሞ ነገሩ ተገልብጦ፣ ጠብታ ታህል የጥቁር ደም ያለበት ሁሉ ጥቁር ተብሎ ይጻፍ ተባለ። ሰው ዘሩን ራሱ መምረጥ የጀመረው ከ1960 ወዲህ ነው፤ ከአንድ ዘር በላይ መምረጥ የተፈቀደው በ2000። «ኒግሮ» የሚለው ቃል እስከ 2010 ቅጹ ላይ ነበረ። እኛ ብዙዎቻችን ወደዚህ አገር ስንመጣ የሞላነው ቅጽ ነው፤ ልብ ያልነው ግን ጥቂቶች ነን።

ለረጅም ጊዜ ጥቁሩ ሲዘረዘር ለመያዝ፣ ለመሸጥና ለመለየት ነበር፤ ይህ ሁሉ ሲቀር ደግሞ አንድ ሳጥን ተሰጠው። በ2020 ራሱን ብቻውን ወይም ከሌላ ዘር ጋር ጥቁር ያለው ሕዝብ ወደ 47 ሚሊዮን ይጠጋል። በዚያ አንድ ሳጥን ውስጥ ቅድመ አያቱ ሚሲሲፒ ጥጥ የለቀመ ገበሬ፣ ከፖርት ኦ ፕሪንስ የመጣ ታክሲ ነጂ፣ ከሌጎስ የመጣ ሐኪምና ባለፈው ዓመት ዲቪ ደርሶት የገባ የአዲስ አበባ ልጅ አብረው ተቀምጠዋል።

ይህ ምን ይጎዳል የሚል ካለ አንድ ጥናት ልንገረው። በ1997 ሁለት የቺካጎ ሐኪሞች ኢሊኖይ ውስጥ የተወለዱ ሕፃናትን የልደት ሰርተፊኬት አገላበጡ። የልደት ሰርተፊኬት ላይ የእናት የትውልድ አገር ይጻፋል፤ ስለዚህ ጥቁር እናቶችን እዚህ የተወለዱና አፍሪካ የተወለዱ ብለው መክፈል ቻሉ። እዚህ የተወለዱ ነጭ እናቶች ልጆች አማካይ ክብደት 3,446 ግራም ሆነ። አፍሪካ የተወለዱ ጥቁር እናቶች ልጆች 3,333። እዚህ የተወለዱ ጥቁር እናቶች ልጆች 3,089። ከአፍሪካ የመጣችው ከጥቁር አሜሪካዊቷ ይልቅ ለነጯ ቀረበች። ያን ጊዜ ብዙ ሰው የጥቁር ሕፃን ክብደት ማነስ በደም የሚወረስ ነገር ይመስለው ነበር። በደም ቢሆን ኖሮ የአፍሪካዊቷ ልጅ ቀድሞ ይቀል ነበር፤ የሆነው ግን ተቃራኒው ነው። እንግዲህ ነገሩ ያለው እዚህ አገር ጥቁር ሆኖ ተወልዶ ማደግ ውስጥ ነው። እነዚሁ ተመራማሪዎች ቆየት ብለው የልጅ ልጆችን ሲያዩ፣ ከአፍሪካና ከካሪቢያን የመጡ ሴቶች እዚህ የወለዷቸው ሴት ልጆች ደግሞ ከእናቶቻቸው ያነሰ ክብደት ያላቸው ሕፃናት እንደወለዱ አገኙ። ከአውሮፓ የመጡት ላይ የታየው የዚህ ተቃራኒ ነው፤ ክብደቱ ጨመረ። እዚህ የተቀመጥን ሴት ልጆች ያሉን ሰዎች ይህን ደግመን ደጋግመን ብናስበው አይበዛም።

ሁለቱን እናቶች አንድ ሳጥን ውስጥ ከትተን አማካይ ብናወጣ የእኛ ጤና የእነሱን ጉዳት ይሸፍነዋል። የነገሩ ሁሉ ሥር እዚህ ነው። በትምህርትም እንዲሁ። በ1999 ተማሪ መርጠው በሚቀበሉ 28 ኮሌጆች የገቡ ጥቁር ተማሪዎች ላይ የተደረገ ጥናት፣ ከመቶው 27ቱ ስደተኛ ወይም የስደተኛ ልጅ እንደሆኑ አሳየ፤ በአገሪቱ በዚያ ዕድሜ ካሉ ጥቁር ወጣቶች ውስጥ ግን ድርሻቸው የዚያን ግማሽ ያህል ነበር። ኮሌጁ ጥቁር ተማሪ ተቀብያለሁ ብሎ ቁጥሩን ያሳያል፤ ውሸትም አልተናገረም። አብዛኛው በር የተከፈተው ግን በአላባማ፣ በሰልማና በበርሚንግሃም ጎዳና ላይ ለመብታቸው ሲታገሉ በውሻ በተነከሱና በዱላ በተደበደቡ ሰዎች ነው። እኛንም ወደዚህ አገር ያስገባን የ1965ቱ የኢሚግሬሽን ሕግ የወጣው በዚያው ትግል ዘመን ነው። ልጆቻቸው በር ላይ ቀርተው የእኛ ልጆች በእነሱ ስም ሲቆጠሩ፣ ቁጥሩ ቢያንስ ይህን እንዲደብቅ መተባበር የለብንም።

አንዳንዶቻችን ደግሞ ከዚያች መስመር በላይ ባለው ሳጥንም እንጣላለን። «እኛ ሐበሻ ነን እንጂ ጥቁር አይደለንም» ብሎ ሌላ የሚለውን ሳጥን የሚመርጥ ወንድም አውቃለሁ። ወንድሜ፣ ማታ መኪናህን የሚያስቆመው ፖሊስ ሐበሻ የሚባል ሳጥን የለውም። ይኼን አልፋለሁ፤ ራሱን የቻለ ምሽት ይፈልጋል።

ውጤቱ በ2023 ሲወጣ ናይጄሪያዊ ብሎ የጻፈው ከ600 ሺህ በላይ፣ ኢትዮጵያዊ ያለው ከ325 ሺህ በላይ፣ ሶማሌያዊ ያለው ከ220 ሺህ በላይ ሆነ። እዚህ አካባቢ ብቻ ግማሽ ሚሊዮን ነን እያልን በየሬስቶራንቱ ስንፎክር ለኖርነው ትንሽ የሚያሳፍር ቁጥር ነው። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ፤ በዚያ ቆጠራ ጥቁሩ ሕዝብ በአጠቃላይ ከመቶ 3.3 ያህል ሳይቆጠር ቀርቷል፤ ይህን ያለው ቢሮው ራሱ ነው። ሂስፓኒክ ያልሆነው ነጭ ግን ከመቶ 1.6 ያህል ተጋንኖ ተቆጥሯል። ችግሩ የቆየ ነው። በ1940 ለጦርነት ምልመላ የተመዘገቡት ጥቁር ወንዶች ከቆጠራው ከሚጠበቀው በ13 ከመቶ በልጠው ተገኝተዋል። በቆጠራ የሉም የተባሉ ሰዎች ለጦር ሜዳ ሲፈለጉ ተገኙ!

አሁን ወደ ጉዳቱ ልምጣ፤ የማያጓጓው ወገን እሱ ነው።

የሚኒሶታ ጤና ቢሮ የሶማሌ ሕፃናትን የክትባት ሁኔታ ለይቶ ያውቅ ነበር። የኩፍኝ ክትባት በ2004 ከመቶ 92 ሕፃናት ወስደውት የነበረው፣ ክትባቱ ኦቲዝም ያመጣል የሚል ወሬ ማኅበረሰቡ ውስጥ ሆን ተብሎ ከተነዛ በኋላ፣ በ2014 ወደ 42 ወረደ። በ2017 ኩፍኝ ገባ፤ 75 ሰው ያዘ፤ አብዛኞቹ የሶማሌ ቤተሰብ ልጆች ናቸው። ዝርዝሩ ስለነበረ የጤና ባለሙያዎች የት መስጊድ፣ የት መዋዕለ ሕፃናት መሄድ እንዳለባቸው፣ ከየትኞቹ ኢማሞች ጋር መቀመጥ እንዳለባቸው አውቀው ነበር። «ጥቁር» የሚል ቁጥር ብቻ ቢኖራቸው ችግሩን ሳያዩት ይቀር ነበር፤ የሌላው ጥቁር ሕፃን ክትባት ይሸፍነዋልና። በዚያው ልክ ግን ያው ቁጥር ጋዜጣ ላይ ሲወጣ፣ በሽታ ያመጡብን ሶማሌዎች ናቸው ለሚል ሰው መሣሪያ ሆነ። ቁጥሩ አንድ ነው፤ ሐኪሙም ተሳዳቢውም አነበቡት።

ከዚህ የከፋም አለ። በ1942 የቆጠራ ቢሮው ጃፓናውያን አሜሪካውያን በየትኛው ሰፈር ስንት እንደሆኑ ለጦር ሠራዊቱ አሳወቀ፤ ወደ 120 ሺህ ሰው ከቤቱ ተነቅሎ ካምፕ ገባ። ቢሮው ለአሥርት ዓመታት የግለሰብ ስም አልሰጠንም ይል ነበር። በ2007 ግን ተመራማሪዎች፣ እዚሁ ዋሽንግተን አካባቢ ይኖሩ የነበሩ ጃፓናውያን ስምና አድራሻ በ1943 ለሲክሬት ሰርቪስ መሰጠቱን ከሰነድ አወጡ። ሕግ ጥሰውም አይደለም፤ በጦርነቱ ጊዜ ምስጢር ጠባቂውን ሕግ የሚያነሳ ሌላ ሕግ ወጥቶ ነበር። ከመስከረም 11 ጥቃት በኋላ ደግሞ፣ የአረብ ዝርያ ያላቸው ሰዎች በየዚፕ ኮዱ ስንት እንደሆኑ፣ ከየት አገር እንደመጡ ጭምር ተለይቶ፣ ለአገር ውስጥ ደኅንነት ተሰጠ። ነገሩ በ2004 ሲታወቅ ትልቅ ጩኸት ሆነ፤ ቢሮው እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲመጣ በበላይ ኃላፊ እንዲታይ አሠራሩን ለወጠ።

የራሳችን ወገኖች ላይ የደረሰውንም ጨምሩበት። እስራኤል ውስጥ ቤተ እስራኤላውያን እንደማንኛውም ዜጋ ተሰልፈው ደም ይሰጡ ነበር። የደም ባንኩ ከኢትዮጵያ ትውልዶች የተወሰደውን ደም ለይቶ፣ ኤች አይ ቪ ይኖረዋል በሚል ስጋት፣ ለሰጪው ሳይነግር ያስወግድ እንደነበር በጥር 1996 ጋዜጣ አጋለጠ። ወደ አሥር ሺህ የሚጠጋ ሰው ኢየሩሳሌም ውስጥ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ቢሮ ፊት ለፊት ወጥቶ ከፖሊስ ጋር ተጋጨ። ዛሬ በእስራኤል ኢትዮጵያዊ ዝርያ ያለው ሕዝብ ወደ 170 ሺህ ነው፤ የስታቲስቲክስ ቢሮው በየዓመቱ ለቤተ እስራኤላውያን የሲግድ በዓል ዝርዝር ያወጣል፤ ስንቱ ዩኒቨርሲቲ ገባ፣ ስንቱ አገባ ይላል። ያ ይጠቅማል። ደሙን ያስደፋው አሠራርም ሰውን በትውልዱ የለየ ነበር፤ የከፋው ለሰውዬው በስውር መደረጉ ነው።

እንግዲህ የሚጠብቀን ምንድነው? የአሜሪካ የቆጠራ ሕግ የአንድን ሰው መልስ አሳልፎ የሰጠ ሠራተኛ እስከ አምስት ዓመት እስርና እስከ 250 ሺህ ዶላር ቅጣት ያስፈርድበታል። የግለሰብ መዝገብ ለሕዝብ የሚከፈተው ከ72 ዓመት በኋላ ነው። በ2020 ደግሞ ትናንሽ ቡድኖችን ማንም ነጥሎ እንዳያውቃቸው በሚታተሙት ቁጥሮች ላይ ሆን ተብሎ ትንሽ መዛባት ተጨምሯል። ጥሩ ነው። ግን ልዩነቱን ያዙልኝ፦ ሕጉ የሚጠብቀው ስምህን ነው እንጂ ሰፈርህን አይደለም። ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ የትኛው ዚፕ ኮድ ኢትዮጵያዊ እንደሚበዛበት ማንም ሰው ቁጭ ብሎ ማየት ይችላል። የአረቦቹም ጉዳይ እንዲህ ነው የሆነው፤ ስም አልወጣም፤ ሕግም ተጥሷል አልተባለም።

የድርሻን ነገር እነሆ። ዲሲ በ2004 ባወጣችው የቋንቋ ሕግ፣ አንድ መሥሪያ ቤት ከሚያገለግለው ሕዝብ ሦስት ከመቶው ወይም 500 ሰው፣ ከሁለቱ ያነሰው፣ አንድ ቋንቋ የሚናገር ከሆነ ዋና ዋና ሰነዶች በዚያ ቋንቋ መተርጎም አለባቸው። አማርኛ ከስፓኒሽ፣ ከቻይንኛ፣ ከቬትናምኛ፣ ከኮሪያኛና ከፈረንሳይኛ ጋር እዚያ ውስጥ አለ። መንጃ ፈቃድ ለማውጣት ሄዳችሁ በአማርኛ የተጻፈ ወረቀት ያያችሁት በዚህ ነው፤ ተቆጥረን ስለተገኘን። አሁን ሌላውን ገጽ እዩ። የፌዴራሉ የምርጫ መብት ሕግ የድምፅ መስጫ ወረቀት በሌላ ቋንቋ እንዲታተም ያስገድዳል፤ የሚመለከተው ግን ስፓኒሽ፣ የእስያ፣ የአሜሪካ ኢንዲያንና የአላስካ ነባር ሕዝቦች ቋንቋዎችን ብቻ ነው። አፍሪካ የለችበትም። አንድ ካውንቲ ሙሉውን አማርኛ ተናጋሪ ቢሆን እንኳ በዚያ ሕግ የአማርኛ ድምፅ መስጫ አይታተምለትም። እዚህ ላይ ቁጥራችንን ብናበዛ ዋጋ የለውም፤ መለወጥ ያለበት ሕጉ ነው።

ሌላ መንገድ የመረጡ አገሮች አሉ። ፈረንሳይ ሰውን በዘር መመዝገብን ትከለክላለች፤ የሕገ መንግሥት ምክር ቤቷ በ2007 ይህንኑ አጸና። ዜጋ ዜጋ ነው ትላለች። ፓሪስ ያሉ ወገኖቻችን ቤት ለመከራየት ሲሄዱ አከራዩ ግን ቆዳቸውን አይቶ ይለያቸዋል፤ ምን ያህል እንደሚለያቸው በመንግሥት ቁጥር ማስረዳት ነው የሚከብዳቸው። እንግሊዝ በ1991 ቆጠራዋ ጥቁር አፍሪካዊንና ጥቁር ካሪቢያንን ለየች። በ2021 በእንግሊዝና በዌልስ አፍሪካዊ ያለው 1.5 ሚሊዮን፣ ካሪቢያን ያለው 620 ሺህ ገደማ ሆነ። ስለተለዩ ነው የካሪቢያን ልጆች በትምህርት ቤት ፈተና ከአፍሪካውያኑ ወደ ኋላ መቅረታቸው የታወቀው። አንድ ላይ ቢሆኑ ኖሮ አማካዩ ደህና ይመስል ነበር።

ወደ አሜሪካ ስመለስ፣ በመጋቢት 2024 የፌዴራል መንግሥት የዘር መረጃ መመሪያውን አሻሻለ። ከእንግዲህ የፌዴራል መሥሪያ ቤቶች ዝርዝሩን እንዲጠይቁ ታዘዋል፤ ከጥቁር ሥር እነዚያው ስድስት ስሞች እያንዳንዳቸው የራሳቸው ሳጥን ይኖራቸዋል፤ ኢትዮጵያዊ አንዱ ነው። ለመሥሪያ ቤቶቹ የአምስት ዓመት ጊዜ ተሰጣቸው። እንዲህ ያለ መመሪያ አስተዳደር ሲቀየር እንደገና ሊታይ እንደሚችል አትርሱ።

መመሪያው ሲሻሻል የሕዝብ አስተያየት በተጠየቀ ጊዜ ብዙ ጥቁር አሜሪካውያን አንድ ነገር ጠይቀው ነበር፤ እዚህ አገር በባርነት የነበሩ ሰዎች ዘሮች ራሳቸውን ችለው ይቆጠሩ አሉ። መንግሥት ለጊዜው አልተቀበለውም፤ ወደፊት ይጠና አለ። ካሊፎርኒያ ግን ከጥር 2024 ጀምሮ የክፍለ ግዛቱን ሠራተኞች መረጃ ስትሰበስብ በዚህ መልክ እንድትለይ በ2022 ሕግ አውጥታለች፤ የባርነት ካሣን ጉዳይ የሚያጠናው የክፍለ ግዛቱ ግብረ ኃይልም በዚያው ዓመት ካሣው ለባሪያ ተወላጆች ይሁን ብሎ አምስት ለአራት በሆነ ድምፅ ወስኗል። እኛ ሰፈር ይህን ሰምተው «ሊለዩን ነው፣ ስደተኛ ጠሎች ናቸው» ያሉ አሉ። ከእንቅስቃሴው ውስጥ ስደተኛን የሚሰድብ የለም አልልም፤ አለ። ጥያቄው ግን ትክክል ነው። ስማቸው ያልተጻፈ ሰዎች የልጅ ልጆች ናቸው፤ ዕዳው የሚከፈለው ለእነሱ ነው፤ እኛ በእነሱ አምድ ውስጥ ተቀምጠን ሒሳቡን ልናዛባባቸው አይገባም። ኢትዮጵያዊ ብላችሁ ስትጽፉ ስለራሳችሁ ብቻ አይደለም የምትናገሩት፤ የእነሱም ቁጥር ጥርት ይላል።

በምሽቱ ውይይት ላይ የተነሱ ሁለት ጥያቄዎችን ልጨምር።

አንድ ወንድም፣ «ወረቀት የሌለው ዘመድ ቤቴ አለ፤ እሱንም ልቁጠረው?» አሉ። የ2020 ቅጽ ስለ ወረቀት አልጠየቀም፤ ዜግነት የሚጠይቅ መስመር ሊጨመር ተሞክሮ በ2019 ጠቅላይ ፍርድ ቤት አስቁሞታል። መልሱን ለኢሚግሬሽን ማስተላለፍ በሕግ የተከለከለ ነው። ሕጉ ዛሬ እንዲህ ይላል፤ በ1942 እንደተነሳው እንዳይነሳ ደግሞ የምንጠብቀው እኛው፣ የሕዝብ ተወካዮቻችንን በስልክ እየነዘነዝን ነው። እኔ ብሆን እቆጥረዋለሁ፤ ግን አስቀድሜ ለእሱ ነግሬው፣ ፈቃዱንም ጠይቄ። ለ2030 ቅጹ ሲመጣ ደግሞ ጥያቄዎቹን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንብቡ፤ ተለውጠው ሊሆን ይችላል።

ሌላዋ እህት፣ «ልጄ እዚህ ነው የተወለደችው፤ አባቷ የአላባማ ሰው ነው። እሷ ጥቁር አሜሪካዊት ነኝ ትላለች፤ እኔ ደግሞ ኢትዮጵያዊ ብዬ ልጽፍላት እፈልጋለሁ» አሉ። በ2020 በአንድ መስመር ላይ እስከ ስድስት የሚደርሱ ወገኖች ቢጻፉ ይመዘግቡ ነበር፤ ስለዚህ ሁለቱም ይገባሉ፤ አንዱ ሌላውን አይሰርዘውም። ዕድሜዋን ጠየቅኋቸው፤ 16 ነው አሉኝ። እንግዲያው ቅጹን እሷ ትሙላው።